ቱነሩ የት ይቀመጥ? ለ13 ሜትር ቋሚ አንቴና የ1500 ዋት አውቶማቲክ ቱነር አመራረጥ፦ የጉዳይ ጥናት

በአማተር ሬዲዮ 1500 ዋት የሚችል አውቶማቲክ አንቴና ቱነር፣ ማለትም አንቴናውን ከማሠራጫው ጋር የሚያጣጥም መሣሪያ፣ የየትኛው ድርጅት ይሻላል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋና በስም ይመለሳል። ይህም ጉዳይ የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነበር። የተቋጨው ግን አዲስ ቱነር ሳይገዛ፣ በእጅ በነበረው ቱነርና በአንቴናው እግር ሥር በተተከሉ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ነው። ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ያስቀመጥነው ተመሳሳይ አንቴና ያለው ሰው የራሱን ቁጥር ተክቶ እንዲሠራበት ነው።

## የጣቢያው ሁኔታ

ጣቢያው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ባለ ሰፈር ይገኛል። ባለቤቱ ከፍተኛውን፣ የኤክስትራ ደረጃ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የያዙ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ዋና ፍላጎታቸው በቀዝቃዛው ወራት ሌሊቶች በ160 እና በ80 ሜትር ባንድ ርቆ መሰማት ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድም በከፍተኛዎቹ ባንዶች ይሞክራሉ።

አንቴናው 43 ጫማ፣ ማለትም 13.1 ሜትር ቁመት ያለው የአሉሚኒየም ምሰሶ ነው። ይህ ቁመት የተለመደው በ20 ሜትር ባንድ የሞገዱን አምስት ስምንተኛ ስለሚጠጋ ነው። ከምሰሶው ሥር ኦሙን 1 ለ 4 የሚለውጥ ዩኑን (ትራንስፎርመር) አለ፤ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር የሆኑ 16 ራዲያሎች (የመሬት ሽቦዎች) በሣሩ ውስጥ ተዘርግተዋል። ከዩኑኑ እስከ ቤት ውስጥ 30 ሜትር አርጂ-213 ኮአክስ (የአንቴና ኬብል) ተቀብሯል።

አምፕሊፋየሩ በትራንዚስተር የሚሠራና 1500 ዋት የሚደርስ ነው። የአሜሪካ ደንብ ለአማተር የሚፈቅደው ከፍተኛው የፒክ ኃይልም ይኸው 1500 ዋት ነው (በ30 ሜትር ባንድ 200 ዋት ብቻ ስለሚፈቀድ እዚያ አምፕሊፋየሩ አይበራም)። ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው የሚመለሰውን ሞገድ መጠን የሚያሳየው ንጽጽር፤ 1 ለ 1 ፍጹም ነው) ከ2 ለ 1 ሲያልፍ አምፕሊፋየሩ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ከዚያም ራሱን ያጠፋል። ፓይ ኔትወርክ (የራሱ ማጣጣሚያ) ያለው የቱቦ አምፕሊፋየር ይህን ያህል አይቆጣም፤ በትራንዚስተር ለሚሠራ ግን ቱነር ግዴታ ነው።

ቤት ውስጥ የነበረው ቱነር በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) የሚሠራ፣ በኤል ኔትወርክ (በአንድ ኮይልና በአንድ ካፓሲተር) የተገነባ፣ ጽሑፉ 1500 ዋት የሚል ነው። ማጣጣም የሚችለው ከ12 እስከ 1600 ኦም ነው። ከ40 እስከ 10 ሜትር ባለው ባንድ ሁሉ ችግር አልነበረም።

## ችግሩ

በ160 እና በ80 ሜትር ሪሌዮቹ ለጥቂት ሰከንድ ይንጫጫሉ፤ ከዚያ ቱነሩ "አልቻልኩም" የሚለውን መብራት ያበራል። ባለጣቢያው በአማተሮች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀውን መላ ሞከሩ። በቱነሩና በመስመሩ መካከል 18 ሜትር ተጨማሪ ኮአክስ ጠቅልለው ቀጠሉ። መላው ሠራ፤ በሁለቱም ባንዶች አረንጓዴው መብራት በራ፣ ኤስደብልዩአሩም ከ1.5 በታች ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እንዲህ ነበር። በ160 ሜትር በ500 ዋት ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚላክ ዲጂታል መልእክት) ሲላክ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኤስደብልዩአሩ ቀስ እያለ ወደ 2 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል። የተጠቀለለው ኬብል ሲዳሰስ ይሞቃል፤ ዩኑኑማ እጅ አያስነካም። በሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ (የተሰሙ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት በራሱ የሚዘግብ የተቀባዮች መረብ) ላይ የሚታየው የሲግናል ጥንካሬ ደግሞ በዚያው አካባቢ በ100 ዋት ከሚሠራ ሰው ያነሰ ነበር።

ባለጣቢያው የደረሱበት ድምዳሜ "ቱነሩ ደካማ ነው" የሚል ነበር። በሞተር የሚዞር ትልቅ ኮይልና ሰፊ ክፍተት ያላቸው ካፓሲተሮች ያሉት ቱነር ለመግዛት ዋጋ እያወዳደሩ ሳለ ነው ልኬቱ የተጀመረው።

## በእግሩ ሥር የተለካው

የመጀመሪያው እርምጃ ዩኑኑን ፈትቶ ናኖቪኤንኤ የተባለውን አነስተኛ መለኪያ በቀጥታ በምሰሶውና በራዲያሎቹ መካከል ማገናኘት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በአቅራቢያው የኤኤም ማሠራጫ ካለ ምሰሶው የሚለቅመው ኃይል የመለኪያውን ንባብ ያዛባል፤ ቁጥሩ ሲዋዥቅ ከታየ ልኬቱን በሌላ ሰዓት መድገም ወይም ማጣሪያ ማስገባት ይሻላል።

በ1.85 ሜጋኸርትዝ የተገኘው 12.5 ኦም ገደማ ሬዚስታንስና 620 ኦም ካፓሲቲቭ ሪአክታንስ (በኮይል መሰረዝ የሚችለው ክፍል) ነው። ከ12.5ቱ ውስጥ የጨረራው ድርሻ 2.5 ኦም ብቻ ነው፤ ቀሪው 10 ኦም መሬት ውስጥ የሚቀር ነው። ይህን ለመለየት የሚረዳው የአጭር ቋሚ አንቴና የጨረራ ሬዚስታንስ በቁመቱ የሚወሰን መሆኑ ነው፤ ሙሉ ሞገድ 360 ዲግሪ ሲሆን 13.1 ሜትር ለ160 ሜትር ባንድ 29 ዲግሪ ያህል ነው። በ3.75 ሜጋኸርትዝ 22 ኦም ሬዚስታንስና 208 ኦም ካፓሲቲቭ ሪአክታንስ ተገኘ።

አሁን ዩኑኑን ፍጹም ነው ብለን (አይደለም እንጂ) ለአራት እናካፍል። በ160 ሜትር ኮአክሱ የሚያየው 3.1 ኦምና 155 ኦም ሪአክታንስ ይሆናል፤ ይህ ወደ 170 ለ 1 የሚጠጋ ኤስደብልዩአር ነው። በ80 ሜትር 19 ለ 1 ነው። የአርጂ-213 መስመር በ30 ሜትር ርዝመት፣ ጭነቱ 50 ኦም ቢሆን፣ በ160 ሜትር የሚያጠፋው 0.25 ዲሲቤል (3 ዲሲቤል የኃይሉ ግማሽ ነው)፣ በ80 ሜትር 0.37 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ኤስደብልዩአሩ ሲታሰብበት ግን ጥፋቱ በ160 ሜትር 7.7 ዲሲቤል፣ በ80 ሜትር 2.6 ዲሲቤል ይደርሳል።

ተጨማሪው 18 ሜትር ሲቀጠል ደግሞ ነገሩ ባሰ። መስመሩ 48 ሜትር ሲሆን ጥፋቱ በ160 ሜትር ወደ 9.5፣ በ80 ሜትር ወደ 3.6 ዲሲቤል ከፍ ይላል። 500 ዋት ከአምፕሊፋየሩ ቢወጣ ወደ ምሰሶው እግር የሚደርሰው 56 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አራት አምስተኛው መሬት ውስጥ ይቀራል፤ በአየር ላይ የሚወጣው 11 ዋት ነው። 440 ዋት የሚሆነው ኬብሉን ያሞቅ ነበር ማለት ነው። በ100 ዋት የሚሠራው ጎረቤት ለምን ይበልጥ እንደሚሰማ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ አረንጓዴው መብራት ለምን በራ? መልሱ ኬብሉ ራሱ ኃይል ስለሚበላ ነው። የሚመለሰው ሞገድ በመንገድ ላይ ስለሚደክም፣ በእግሩ ሥር 170 ለ 1 የነበረው ቤት ሲደርስ በ30 ሜትር ኬብል 29 ለ 1፣ በ48 ሜትር ኬብል 19 ለ 1 ሆኖ ይታያል። በ30 ሜትር ርዝመት በቱነሩ ጫፍ የነበረው ሬዚስታንስ በ160 ሜትር 2.3 ኦም፣ በ80 ሜትር 5.5 ኦም ነበር፤ ሁለቱም ቱነሩ ከሚችለው ከ12 ኦም በታች ናቸው። 18 ሜትሩ ሲቀጠል ነጥቡ ዞሮ በ160 ሜትር ወደ 950 ኦም፣ በ80 ሜትር 120 ኦምና 183 ኦም ሪአክታንስ ሆነ። ቱነሩ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ አምፕሊፋየሩም 50 ኦም አይቶ ተደስቷል። ከቱነሩ ወዲያ ያለውን ጥፋት ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ማንኛውም ቱነር አይነካውም።

## የታሰቡት ሦስት መንገዶች

በሞተር የሚዞር ትልቅ ቱነር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ። የዚህ ዓይነቱ ቱነር፣ ለምሳሌ 1500 ዋት የሚችለው የፓልስታር ኤችኤፍ-አውቶ፣ ክፍሎቹ ከሪሌይ ቱነር ይልቅ ትልልቅ ናቸው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅን ይቋቋማል፤ በትንንሽ እርምጃ ሳይሆን በተከታታይ ስለሚስተካከል ኤስደብልዩአሩን እስከ 1.1 ለማውረድ ይመቻል። ከባንድ ወደ ባንድ ለመዞር ግን ሰከንዶች ይወስዳል። ለዚህ ጣቢያ የሚሰጠው ጥቅም ኬብሉን ያለ ተጨማሪ ርዝመት ማጣጣም መቻሉ ነው፤ 7.7 ዲሲቤሉ እንዳለ ይቆያል። በዚያ ዋጋ የሚገኘው ጥቅም ከ2 ዲሲቤል አያልፍም፤ ስለዚህ ውድቅ ሆነ።

1500 ዋት የሚችል ቱነር በእግሩ ሥር መትከል። በወረቀት ላይ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ በ80 ሜትርም ነው። በ160 ሜትር ግን 620 ኦም ካፓሲቲቭ ሪአክታንስን ለመሰረዝ 53 ማይክሮሄንሪ ኮይል ያስፈልጋል። በቱነር ሣጥን ውስጥ ተጨናንቀው የሚቀመጡ ኮይሎች ኪው (ሪአክታንሱ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው የጥራት መለኪያ) 200 ገደማ ነው ብንል፣ የኮይሉ ሬዚስታንስ 3.1 ኦም ይሆናል። ወደ ቱነሩ 1400 ዋት ቢደርስ የሚፈሰው 9.5 አምፔር ነው፤ ኮይሉ ላይ 280 ዋት ሙቀት ይቀራል። ዝናብ እንዳይገባበት በታሸገ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ 280 ዋት የሚያህል ሙቀት የሚቋቋም ሪሌይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም የለም። በዚያ ላይ በምሰሶው እግር የሚኖረው ቮልቴጅ 6 ኪሎ ቮልት ስለሚደርስ በተለመደው የቱነር ሪሌይ ላይ ቅስት (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይዘላል፤ ቅስቱ ሪሌዩን ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያውን ቺፕ ይዞ ይሄዳል። የእነዚህን መሣሪያዎች መመሪያ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ለአጭር አንቴና በ160 ሜትር የተቀመጠውን የኃይል ገደብ ያገኘዋል፤ በማስታወቂያው ፊት ለፊት ግን አይጻፍም።

በእግሩ ሥር ቋሚ ኮይል፣ ቤት ውስጥ ያለው ቱነር ለቀሪው። የተመረጠው ይህ ነው። ከባዱን ሪአክታንስ ትልቅ፣ አየር የሚያገኝ፣ ኪው ከፍ ያለ ኮይል ይሰርዘዋል። አውቶማቲኩ ቱነር የሚቀረውን ትንሽ ልዩነት ይይዛል። ኪው 400 ቢሆን የ160 ሜትሩ ኮይል ሬዚስታንስ 1.55 ኦም ነው፤ ኮአክሱ የሚያየው 14 ኦም ንጹህ ሬዚስታንስ፣ ኤስደብልዩአሩ 3.6 ይሆናል። የ30 ሜትሩ ኬብል ጥፋት ከ7.7 ወደ 0.46 ዲሲቤል ይወርዳል። በ80 ሜትር 22.5 ኦም ይሆንና ጥፋቱ 0.48 ዲሲቤል ነው።

## አሠራሩ

ኮይሎቹ በ10 ሴንቲሜትር ዲያሜትር፣ በ2.6 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ በዙርና በዙር መካከል 5 ሚሊ ሜትር እየተተወ (ከመሃል እስከ መሃል) ተጠቀለሉ። ለ80 ሜትር 8.8 ማይክሮሄንሪ ያስፈልጋል፤ ይህ 9 ዙር ነው። ለ160 ሜትር በእሱ ላይ በተከታታይ የሚጨመረው 44 ማይክሮሄንሪ 29 ዙር ይሆናል። ሁለቱም በስሌት ከተገኘው ሁለት ዙር ተጨምሮላቸው ከተጠቀለሉ በኋላ በመለኪያ እየታዩ ተቆረጡ፤ መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል ግን ያስቸግራል። የአንዱ ዘንግ ከሌላው ጋር ዘጠና ዲግሪ እንዲሠራ ተደርገው ተሰቀሉ፤ አለዚያ በ80 ሜትር ሾርት የተደረገው ትልቁ ኮይል ከትንሹ ኃይል ይሰርቃል።

የሬዞናንስ ነጥቡ (ሪአክታንሱ የሚሰረዝበት ፍሪኩዌንሲ) በ160 ሜትር 1.845 ሜጋኸርትዝ ላይ ተደረገ፤ ኤፍቲ8 የሚገኝበት 1.840 እና አብዛኛው የሞርስ ክፍል በቱነሩ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። በ80 ሜትር 3.75 ላይ ተቀመጠ። ኤፍቲ8 በሚገኝበት 3.573 ኤስደብልዩአሩ ከ3 ትንሽ ይበልጣል፤ ቱነሩ በቀላሉ ይይዘዋል።

ሦስት ሪሌዮች ያስፈልጋሉ። በኮአክሱ በኩል ያለው ወይ ዩኑኑን ወይ ኮይሎቹን ይመርጣል፤ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ ተራ 16 አምፔር የኃይል ሪሌይ በቂ ነው። በምሰሶው በኩል ያለውና ትልቁን ኮይል ሾርት የሚያደርገው ግን የቫክዩም ሪሌይ (መገናኛው አየር በሌለው ጠርሙስ ውስጥ የሆነ) መሆን አለባቸው። 1350 ዋት ወደ 14 ኦም ሲገባ 9.8 አምፔር ይፈሳል፤ በ620 ኦም ሲባዛ 6.1 ኪሎ ቮልት፣ በፒክ 8.6 ኪሎ ቮልት ነው። ትልቁ ኮይል ላይ ብቻ በፒክ 7 ኪሎ ቮልት ይቆማል። ያገለገሉ የቫክዩም ሪሌዮች አብዛኞቹ ለአውሮፕላን የተሠሩ በመሆናቸው ኮይላቸው 26.5 ቮልት ይፈልጋል፤ በ12 ቮልት አይነሱም። እዚህ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ በተለየ የመቆጣጠሪያ ሽቦ ተላከላቸው፤ ከመገዛታቸው በፊት በ24 ቮልት እንደሚነሱ መፈተሽ ይገባል።

ዩኑኑ ከመንገዱ ሲወጣ ምሰሶው ወደ መሬት የሚወርድበት የዲሲ መንገድ ይቋረጣል፤ የደመና ስታቲክ ይከማቻል። በኮአክሱ በኩል፣ ከመሬት ጋር ትይዩ፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ቾክ ገብቷል። ኮአክሱ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት በ31 ቁጥር ማቴሪያል ፌራይት ቀለበት ላይ 12 ዙር ተጠቅልሎ የውጭው ጋሻ የሚሸከመው ኮመን ሞድ ከረንት ታግዷል። ይህ ባይኖር ኮአክሱ ራሱ እንደ ራዲያል ይሠራና የሬዲዮ ኃይሉ ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩና ማይክሮፎኑ ውስጥ ይደርሳል።

ምሰሶውን ማንም እንዳይነካ አጥር ተሠራለት። ይህ ለደኅንነት ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ ከሜይ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ አማተሮች የሬዲዮ ጨረር ተጋላጭነትን እንዲያሰሉ ያስገድዳል፤ በ1500 ዋት የሚሠራ ጣቢያ ከዚህ አያመልጥም።

የአጠቃቀሙ ቅደም ተከተል በሣጥኑ ላይ ተለጥፏል። አምፕሊፋየሩን ስታንድባይ ማድረግ፤ የባንዱን ሪሌይ መምረጥ፤ ከ10 እስከ 20 ዋት ተሸካሚ ሞገድ ልኮ ቱነሩ እንዲያጣጥም መተው፤ ከዚያ ብቻ አምፕሊፋየሩን መመለስ። አምፕሊፋየሩን እንዲልክ የሚያዘው መስመር በቱነሩ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ቱነሩ እያጣጣመ ሳለ ወይም ኤስደብልዩአሩ ከ2 ሲበልጥ መስመሩ ይቆረጣል። በሙሉ ኃይል ላይ ሪሌይ ከተቀየረ መገናኛው በአንድ ጊዜ ይበየዳል። ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ቱነሮች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

## የሠራውና ያልሠራው

በ160 ሜትር በ48 ሜትሩ ኬብል ከነበረው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ስሌቱ የሚሰጠው ብልጫ 8.5 ዲሲቤል ነው፤ በተመሳሳይ ሰዓትና በ500 ዋት በሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ ላይ የታየው ከ7 እስከ 10 ዲሲቤል ነበር። በ80 ሜትር 3 ዲሲቤል ገደማ። ኤስደብልዩአሩ በሙቀት መንሸራተቱ ቆሟል። በ500 ዋት ኤፍቲ8 ትልቁ ኮይል ላይ የሚቀረው አማካይ ሙቀት 17 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ኤፍቲ8 በየ30 ሰከንዱ የሚልከው 12.64 ሰከንድ ስለሆነ።

ያልሠራው የመጀመሪያው ሣጥን ነው። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ነበር፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ያዘ፤ በ1000 ዋት ሙከራ ከኮይሉ ጫፍ ወደ መሰቀያው ብሎን ቅስት ዘለለ። ከሥሩ የውኃ መውጫና በተጣራ ወንፊት የተሸፈነ የአየር ቀዳዳ ተበጀለት፤ የብረት ብሎኑም በናይለን ተተካ።

የራዲያል ማሻሻያው የጠበቁትን አላመጣም፣ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ያልጠበቁትን አመጣ። ምሰሶው ሩብ ሞገድ በሚሆንበት 5.4 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሬዚስታንሱን መለካት የመሬቱን ጥፋት ለመገመት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከ36 ኦም በላይ የሆነው ሁሉ የመሬት ነው። ራዲያሎቹ ከ16 ወደ 32 ሲያድጉ ንባቡ ከ47 ወደ 43 ኦም ወረደ። ጥሩ ነው። ነገር ግን በ160 ሜትር ሬዚስታንሱ ሲወርድ አምፔሩና ቮልቴጁ ይጨምራሉ፣ ባንዱም ይጠባል። 50 ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ በአጭር አንቴና ላይ ሲታይ የመጥፎ መሬት ምልክት መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። ቱነር ሲመረጥ የቮልቴጅ ትርፍ መተው ያለበትም ለዚህ ነው፦ መሬቱ ነገ ይሻሻላል፣ ያን ጊዜ በቱነሩ ውስጥ ቅስት ይዘላል።

የባንድ ስፋቱም ውስን ነው። በ160 ሜትር ከሬዞናንሱ 25 ኪሎ ኸርትዝ ሲራቅ ኤስደብልዩአሩ 4 ይደርሳል፤ 50 ኪሎ ኸርትዝ ላይ ከ5 ያልፋል። ቱነሩ እስከዚያ ይከተላል፤ ከ1.9 ሜጋኸርትዝ በላይ ግን ተስፋ አይጣልበትም።

## ሌላ ጣቢያ ላይ ሲሠራ

በካታሎግ ላይ ያለው የኦም ክልል በ50 መካፈል አለበት፣ በሁለቱም አቅጣጫ። 12 እስከ 1600 ኦም ሲባል በላይኛው በኩል 32 ለ 1 ነው፤ በታችኛው በኩል ግን 4.2 ለ 1 ብቻ። የኤልዲጂ ኤቲ-1000 ፕሮ 2 ከ6 እስከ 1000 ኦም ይላል፤ በላይ 20 ለ 1፣ በታች 8.3 ለ 1 ማለት ነው። አጭር አንቴና ላለው ሰው የሚጠቅመው ታችኛው ቁጥር ነው፤ ሻጮች ጮክ ብለው የሚናገሩት ላይኛውን ነው።

ዋቱም እንዲሁ ይነበብ። "1500 ዋት" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለድምፅ የፒክ ኃይል ነው። ያለ እረፍት በሙሉ ኃይል ለሚላኩት ለአርቲቲዋይ (በሬዲዮ ለሚላክ የቴሌታይፕ ጽሑፍ) ወይም ለኤፍቲ8 በመመሪያው ውስጥ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው ለመካከለኛ ጭነት ነው። የቲ ኔትወርክ (ሁለት ካፓሲተርና አንድ ኮይል ያለው) ቱነር የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ጭነት በብዙ የኮይልና የካፓሲተር አቀማመጥ ሊጣጣም እንደሚችልና ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ኃይሉን ውስጥ እንደሚያቃጥሉ ይወቅ። ካፓሲተሩ በተቻለ መጠን ብዙ፣ ኮይሉ በተቻለ መጠን ጥቂት የሆነበት አቀማመጥ ይመረጣል። ኤል ኔትወርክ ለአንድ ጭነት ብዙ ምርጫ ስለማይሰጥ ይህ ራስ ምታት የለበትም።

ይህ መልስ ለሁሉም አይሆንም። በክፍት ሁለት ሽቦ መስመር የሚመገብ ረጅም ዳይፖል ያለው ሰው መስመሩ በከፍተኛ ኤስደብልዩአርም ብዙ አያጠፋም፤ ለእሱ ትልቁ ቱነር ቤት ውስጥ፣ ከ1 ለ 1 ከረንት ባሉን (የሁለቱን ሽቦዎች ከረንት እኩል ከሚያደርግ መሣሪያ) ጋር ይገባዋል። ሬዞናንት ቢም (ለባንዱ የተስተካከለ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚልክ አንቴና) ያለው ሰው በአምፕሊፋየሩ ውስጥ የተሠራው እስከ 3 ለ 1 የሚያጣጥም ቱነር ይበቃዋል። ከ500 ዋት የማይበልጥና ከ80 ሜትር የማይወርድ ሰው ደግሞ በእግሩ ሥር ያለ አውቶማቲክ ቱነር ከማንኛውም ዘዴ ይቀለዋል።

ከመግዛት በፊት የመለዋወጫው ነገር ይታይ። የአማተር መሣሪያ አምራቹ ኤምኤፍጄ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በሚሲሲፒ የነበረውን ምርት አቁሟል፤ በገበያ ያሉት ያገለገሉ ቱነሮቹ በዋጋ ይማርካሉ፣ ሪሌይ ሲቃጠል ግን ባለቤቱ ራሱ ብየዳ መቻል አለበት። በተለይ የሪሌዮቹ ዓይነት አሁንም በገበያ ይገኝ እንደሆነ ከክፍያ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ቢታይ ይመረጣል።

## የቀረው ሥራ

የ18 ሜትሩ ኮአክስ ተነሥቷል፤ ዩኑኑ ከ40 ሜትር ወደ ላይ ላሉት ባንዶች ብቻ ይሠራል። ለ160 ሜትር ላይኛው ክፍል በትልቁ ኮይል ሁለተኛ ዙር ላይ ታፕ (የመሃል መውጫ ሽቦ) ተበይዷል፤ እሱን የሚመርጠው አራተኛ ሪሌይ ግን አልተገጠመም። ቦታው ከኮአክሱ በኩል ስለሆነና ቮልቴጁ እዚያ ጥቂት መቶ ቮልት ብቻ ስለሆነ የቫክዩም ሪሌይ አያስፈልገውም።